የአደራ ዋንጫዎች

ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ብቻቸውን የሚኖሩባት ክፍል በዋንጫ ተሞልታለች። ወንበሮቹ ሁሉ ተይዘዋል፤ እንግዳ ቢመጣ መቀመጫ የለም። ደግነቱ እንግዳ አይመጣም።

ከዋንጫዎቹ አንዱም የእሳቸው አይደለም። ያስተማሩበት ትምህርት ቤት ትልቅ ደረጃ የደረሱ የቀድሞ ተማሪዎቹን በየዓመቱ ይሸልማል፤ ተሸላሚው ከቀረ መምህሩ ይቀበሉለታል። ልጆቹ ግን ከከተማዋ እንደወጡ የውሃ ሽታ ሆነዋል። እሳቸው "ድንገት ብቅ ቢሉ" እያሉ ዋንጫውን በአሮጌ ካልሲ ሲወለውሉ ይውላሉ።

ዛሬ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የገባው ሠራተኛ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ የእርስዎ ነው?"

"የሰው አደራ ነው፣ ልጄ።"

"ለእርስዎስ አንድ እንኳ አልሰጡም?"

መምህሩ ካልሲውን አራግፈው ወደሚቀጥለው ዋንጫ ዞሩ።

"እኔ መች ከዚህ ሄድኩና? የሚሸለመው የሄደ ነው።"