የእትዬ ዘነበች ለውዝ

ስኳር ሊያር ትንሽ ሲቀረው የሚያወጣው ሽታ አለ። አረረ አይባልም፤ ከእሳቱ ካልወረደ ግን ያርራል። ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ሊያ፣ ላፍቶ ባለው የኮንዶሚኒየም ቤታችን፣ ስልኳን ግድግዳ ላይ አስደግፋ እያየች ለውዝ በስኳር ትሠራ ነበር። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ምስር እለቅማለሁ። ያ ሽታ ከማድ ቤት ወጥቶ ሲደርስብኝ እጄ ምስሩ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ሽታውን አውቀዋለሁ፤ ከየት እንደማውቀው ግን ጠፋኝ።

ተነሥቼ ሄድኩ። ሊያ ድስቱ ላይ አፍጥጣ ቆማለች። ውሃው ተንኖ፣ ስኳሩ ደርቆ፣ ለውዙ ነጭ አሸዋ የተበተነበት መስሏል። "ተበላሸብኝ እማማ፣ ልድፋው" አለችኝ። እንዳትነኪው፣ ዝም ብለሽ አማስይ አልኳት። አማሰለች። አሸዋው ቀስ እያለ ተመልሶ ቀለጠ፣ ቡናማ ሆነ፣ ለውዙ እንደ ዶቃ አበራ። "አንቺ ደግሞ ይሄን ከየት አወቅሽው? ሠርተሽ አታውቂም" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በዕድሜዬ ሠርቼ አላውቅም። ስትሠራ ያየኋት እትዬ ዘነበች ነበረች።

እትዬ ዘነበች ነፋስ ስልክ ያደግሁበት ግቢ ውስጥ፣ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ትኖር ነበር። ግቢው በቆርቆሮ የታጠረ፣ መሐሉ ላይ አንድ የውሃ ቧንቧ ያለው፣ ዙሪያውን በኖራ የተለቀለቁ የጭቃ ቤቶች የተደረደሩበት ነው። ጠዋት የፋብሪካው ጡሩንባ ሲነፋ አባቶቻችን ይወጣሉ፤ ማታ ሲነፋ ይመለሳሉ። ዛሬ እኔ የምኖርበት ላፍቶ ያኔ እርሻ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አገር ያለ አይመስለንም ነበር። እትዬ ዘነበች ከሐረርጌ በኩል የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት። ወንድሟ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበረ አዲስ አበባ በመጣ ቁጥር ከባቢሌ ለውዝ በኩንታል ያወርድላታል። መኪናው ግቢያችን በር ላይ ሲቆም የሚያሰማው የፍሬን ጩኸት ለኛ ለልጆቹ ከዓመት በዓል ደወል አይተናነስም ነበር።

ስኳር ያኔ ቀበሌ ሱቅ ተሰልፈው የሚያገኙት ነገር ነው። ሌላው ሰው ለሻይ ሲቆጥበው እሷ ድርሻዋን ለለውዝ ታጠራቅማለች። በረንዳዋ ላይ ከሰሉን ታቀጣጥልና መጀመሪያ ለውዙን በብረት ምጣድ ትቆላዋለች። እንደ ሞቀ በመዳፏና በመዳፏ መካከል ታሸዋለች፤ ቀዩ ልጣጩ ሰፌዱ ላይ ይረግፋል፤ አንድ ጊዜ ስታንገዋልለው ነፋስ ይወስደዋል። ከዚያ ስኳርና ጥቂት ውሃ ጎላ ባለ ድስት ጥዳ፣ አረፋው ሲነሣ ለውዙን ትጨምራለች። እኛ ድስቱን ከብበን ስኳሩ ነጭ አሸዋ ሲሆን እንጮሃለን። እሷ አትቸኩልም። "አቦ ተዉኝ፣ ይመለሳል" ትላለች። ይመለሳል። በኑግ ዘይት የታሸ ትሪ ላይ ስትገለብጠው ኮለል ብሎ ይወርዳል፤ ሳይቀዘቅዝ በሹካ እየለያየች ትበትነዋለች። ጣቷ ይቃጠላል፤ ትልሰዋለች፤ እኛም የእሷን ጣት እያየን የራሳችንን እንልሳለን።

የምወድላት ግን ማካፈሏን ነው። ራሷ አታካፍልም። ከመሐላችን አንዱን ታስነሣና ትሪውን ትሰጠዋለች። ሕጉ አካፋዩ የመጨረሻውን ድርሻ ይወስዳል የሚል ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ መርጠው የተረፈው ለሱ ነው። ስለዚህ ማንም አያዳላም፤ ቢያዳላ የሚጎዳው ራሱ ነዋ። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ፍርድ ማለት ምን እንደሆነ የተማርኩት ከዚያ ትሪ ነው። ድርሻው ከተለየ በኋላ እሷ ለየልጁ ትሰጣለች። ቁጭ ትልና በልጁ ቁመት ልክ ትሆናለች፣ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች፣ "እንካ አቦ" ወይም "እንቺ አቦ" ብላ እጁ ላይ ትዘረግፍለታለች። ሳታይህ አትሰጥህም። የኔ እናት እንኳ ስትሰጠኝ ፊቴን አታየኝም ነበር፤ ሥራ ይበዛባታል።

አንድ ዓመት ቡሄ መጣ። ወንዶቹ ሆያ ሆዬ እያሉ በየቤቱ ሙልሙል ሲሰበስቡ፣ እትዬ ዘነበች በዳቦ ፋንታ ለውዝ በስኳር ሠርታ ጠበቀቻቸው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ወንዶች በመጨፈራቸው ብቻ እየበሉ ሴቶቹ ለምን እናያለን ብዬ ተሟገትኩ። ሳቀችና ለሴቶቹም እኩል ይሁን አለች። የዚያን ቀን የእትዬ አስካለ ትንሹ ልጅ ሙሉጌታ ወንድሞቹን ተከትሎ ለመጀመሪያ ጊዜ መጣ። እትዬ አስካለ ከእኛ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤት ናት። ልጁ ደረቱ ሲር ሲር የሚል፣ እናቱ ከጓሮ የማታስወጣው ስስ ልጅ ነበር። እትዬ ዘነበች ቁጭ ብላ ሰጠችው። በላ።

ብዙም አልቆየ። ከንፈሩ አበጠ። ዓይኑ ተደፈነ። አንገቱና ሆዱ ሳማ እንደነካው ሽፍ አለ፤ ትንፋሹ ያፏጭ ጀመር። እትዬ አስካለ እየጮኸች መጣች። ሴቶቹ ተሰበሰቡ፤ አንዷ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣ አሸተተችው፣ ሌላዋ ጤናዳም አጨሰች። "ቡዳ በላው" የሚለውን ማን መጀመሪያ እንዳለው አላየሁም። ቃሉ ብቻ ከወዲያ ወዲህ ዞረ። ልጁን አቅፈው መካኒሳ አቦ ጠበል ወሰዱት። በማግሥቱ እብጠቱ ጎድሎ፣ ሙሉጌታ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ አጥሚት ሲጠጣ አየሁት። ጠበሉን አልጠራጠርም፤ ዛሬም አልጠራጠርም። ነገር ግን የሴቶቹ ሐሳብ በዚያ አላቆመም። ልጁ ከዳነ የያዘው ቡዳ ነበር፤ ቡዳ ከነበረ ደግሞ ያየው ሰው አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እስከ ዛሬ አልጨበጥኩትም። ማንም እትዬ ዘነበችን ፊት ለፊት አልተናገራትም። ሰላምታ አልተቋረጠም። ምጣዷን ይዋሳሉ፣ ለቅሶ ሲኖር አብረው ይሄዳሉ፣ ዕድር ላይ ከጎኗ ይቀመጣሉ። ልጆቻቸውን ግን በሷ በር ሲያልፉ በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍናሉ። እናቴ ቀሚሴ ጠርዝ ላይ ነጭ ሽንኩርት ሰፋችብኝ። ከጠራችሽ ሂጂ፣ እፊቷ ግን እንዳትበይ አለችኝ። ክፉ ከሆነች ለምን እሄዳለሁ? ደግ ከሆነች ለምን አልበላም? ብዬ ጠየቅኋት። መልሷ ኩርኩም ነበር።

በሌላ ቀን ያ የስኳር ሽታ መጣ። ግቢው ውስጥ ከእኔ በቀር የወጣ ልጅ የለም። ሄድኩ። ከሰሉን ወደ ውስጥ አስገብታዋለች። ትሪው ላይ ለውዙ ተበትኗል፤ የሚያካፍልም የሚካፈልም የለም። እትዬ ዘነበች ስታየኝ ደንገጥ አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንደዞረች እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ትሪውን አቀረበችልኝ።

የተቆጣችኝ መሰለኝ። ምን እንዳጠፋሁ ግራ ገባኝ።

"እትዬ፣ አኮረፍሽኝ?" አልኳት።

"አላኮረፍኩም የኔ ልጅ። ውሰጂና ውጪ።"

"እንግዲያው እዪኝ። ካላየሽኝ አልወስድም።"

ትሪውን ይበልጥ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ፊቷን ሳትመልስ ጠየቀችኝ።

"እስኪ እውነቱን ንገሪኝ፤ አንቺ መቼም አትዋሺም። ሳይሽ የሚሰማሽ ነገር አለ?"

አስቤ መለስኩ። "ይርበኛል" አልኳት።

ትከሻዋ ተነቃነቀ፤ ሳቀች። እንደሳቀች ግን ግድግዳውን እያየች ቀረች። እኔም ወሰድኩ፤ በረንዳው ላይ ሰው ሁሉ በሚያየኝ ቦታ ቆሜ፣ ነጭ ሽንኩርቴን እንደተሰፋሁ፣ ጨርሼ በላሁት። ምንም አልሆንኩም። ይህንን ያየ ሰው ሁሉ ግን ምንም እንዳላየ ሆነ። እናቴ ማታ ገረፈችኝ፤ ለምን እንደገረፈችኝም አልተናገረችም።

ያች የእትዬ ዘነበች ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀችኝም። የሰው ወሬ አስከፍቷት ነው የዞረችው? ወይስ እሷም እንደነሱ ዓይኗን ፈርታ፣ እኔን ለማትረፍ ብላ? ሰው ያላደረገውን ነገር ሌሎች ደጋግመው ካሰቡበት፣ ራሱም ያምነዋል? ስንት ፍርድ አይቻለሁ፣ ስንት ሰው አስታርቄአለሁ፤ ይህንን ግን መፍታት አቃተኝ።

ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ ወንድሟ በመኪናው መጥቶ ዕቃዋን ጫነ። ሐረርጌ መመለሷ ነው። ሴቶቹ በር ላይ ተሰብስበው አለቀሱ፤ ስንቅ አሰሩላት። ከሁሉ አብልጣ ያለቀሰችው እትዬ አስካለ ናት፤ አንገቷን አቅፋ አልለቅም አለች። እኔ አላለቀስኩም። ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደምናደድ ግን አላወቅሁም። ከዚያ ወዲያ ወሬዋን ሰምቼ አላውቅም።

የሊያ ለውዝ በቀዘቀዘበት በዚያው ከሰዓት በኋላ፣ እኛው ደረጃ ላይ የሚኖሩ የወጣት ባልና ሚስት ሕፃን ልጅ ከእናቱ ጋር መጥቶ ከሳህኑ ዘገነ። ሊያ ደስ ብሏት ጨመረችለት። ጥቂት ቆይቶ ከንፈሩ አበጠ። ዓይኑ ተደፈነ። ትንፋሹ ሲያፏጭ ስሰማ ወንበሩን ይዤ ቆምኩ። ሊያ ሳህኑን እንደያዘች ደርቃ ቀረች፤ እኔ የልጁን እናት አፍ አፍ አየሁ፣ ምን ትል ይሆን ብዬ። እናቲቱ ግን ምንም ሳትል ልጇን አፈፍ አድርጋ ክሊኒክ ሮጠች። ማታ ልጁን ታቅፋ በራችንን አንኳኳች። ለውዝ ነው ያልተስማማው፣ አለርጂ አለበት አሉን፣ ስላስደነገጥናችሁ ይቅርታ አለች። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት። እኔ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሊያ ልጁን ይዛ ስትስመው፣ ልጁም ፊቷን ሲዳብሰው አየሁ።

በማግሥቱ ነፋስ ስልክ ሄድኩ። ከዚያ ግቢ ሰው የቀረው ሙሉጌታ ብቻ ነው፤ አጥሩ ጥግ ጎማ ይጠግናል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል።

"አልማዝ፣ ኮንዶሚኒየም ገብተሽ ረሳሽን። ዛሬ ደግሞ ማን ሞቶ ነው?" አለኝ።

ማንም እንዳልሞተ ነግሬው አንድ የሞተ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ለውዝ ትበላለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ለዚህ ነው ታክሲ ተጋፍተሽ የመጣሽው ብሎ ሳቀብኝ። እንደማልሄድለት ሲያይ መለሰልኝ።

"አልበላም። እናቴ ከልጅነቴ አስምላኛለች። ሠርግ ቤት ቆሎ ሲዞር እንኳ መጀመሪያ ተቀብላ ለውዙን ከውስጡ ትለቅምልኝ ነበር። አይስማማህም ነው የምትለኝ።"

ይበልጥ ዞረብኝ። እትዬ አስካለ ታውቅ ነበር ማለት ነው። መቼ አወቀች? ያኔውኑ ከሆነ ሴቲቱ ስትታማ ለምን ዝም አለች? በኋላ ከሆነ ለምን ለሰው አልተናገረችም? ወይስ ሁለቱንም አብራ አምናለች፣ ለውዙንም ዓይኑንም? የምጠይቃት እንዳልል አፈር ከሆነች ቆይታለች። ለሙሉጌታ ከቡሄው ጀምሬ እስከ መኪናው ድረስ ነገርኩት። የእትዬ ዘነበችን ስም ሰምቶ አያውቅም። ጎማውን ማገላበጥ አቆመ።

"እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም" አለኝ።

"አልነበረችም። እኔንም በጀርባዋ አዝላኛለች። ግራ የገባኝ እኮ ለዚሁ ነው" አልኩት።

ከጎማው ላይ ቀና አለ። ከዚያ ከልጅነቱ ትዝታ የቀረችው አንዲት ሴት እንዳለች ነገረኝ። ቁጭ ብላ፣ ፊቷ ፊቱ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ እያየችው ትስቃለች። ሌላ ምንም የለም። የሞተች አክስት ትመስለው ነበር፤ እናቱን ሲጠይቃት ግን እንዲህ ያለች አክስት የለህም ትለው ነበር።

"ፍንጭት ነበረች?" አለኝ።

ለማሰብ ሞከርኩ። ሻሿ ይታየኛል። ጆሮዋና የጉንጯ ጠርዝ ይታየኛል፤ ከዚያ ወዲያ በኖራ የተለቀለቀው ግድግዳ ነው። ስንት ዓመት ፊት ለፊት እያየችኝ ሰጥታኝ፣ እኔ ጋ የቀረው የዞረው ፊቷ ነው።

"አላውቅም" አልኩት።

"ነበረች" አለኝ ሙሉጌታ። በጎማ የጠቆረ ጣቱን የፊት ጥርሶቹ መሐል አድርጎ ቦታውን አሳየኝ።