ጤነኛ ሰው መድኃኒት ሲውጥ

ከሀዋሳ በወጣሁበት ምሽት ሻንጣዬን ባጃጅ ላይ የጫነችልኝ ታናሽ እህቴ ትዕግስት ናት። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ካለው ቤታችን እስከ አዲስ አበባው መኪና ድረስ ሸኘችኝ፤ መንገዱን ሙሉ አፏን በነጠላዋ ይዛ ስትስል ነበር። ክር ፋብሪካ ነው የምትሠራው፣ ቀኑን ሙሉ የጥጥ ብናኝ ስትስብ ትውላለች።

"ጉንፋን ነው እትዬ፣ አንቺ ደግሞ የማትጠረጥሪው ነገር የለም!" አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ጠርጣራ ነኝ። ዓመት ሙሉ የሚቆይ ጉንፋን አላውቅም ልላት ስል ሹፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ሳልመልስላት ተሳፈርኩ፣ እንደከነከነኝ ጀርመን ገባሁ።

የመጣሁት ለአውስቢልዱንግ ነው። እየሠሩ መማር ማለት ነው፤ የእኔ ሥራ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። ከመጣሁ ጀምሮ ሁሉን እጠረጥራለሁ፣ ዓሣውን እንኳ። ሀዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ የምገዛው ዓይኑን አይቼ ነበር። እዚህ ጭንቅላትም ጅራትም የለው፣ እንደ ሳሙና አራት ማዕዘን ሆኖ በካርቶን ይሸጣል። ዓሣ መሆኑን የሚመሰክረው ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ብቻ ነው። አከራዬ የሆኑት አሮጊት ደግሞ ውጭው በረዶ ሆኖ እያለ በሬን አንኳኩተው መስኮት ያስከፍቱኛል። ሉፍተን ይሉታል፣ አየር ማስገባት።

"ክፍሉ መተንፈስ አለበት፣ አለዚያ ግድግዳው ይሻግታል" አሉኝ።

"እኔ ብታመምስ?"

"አንቺን ሐኪም ያክምሻል። ግድግዳውን ማን ያክመዋል?"

ቀልድ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። ቀልድ አልነበረም።

በዚያ ሰሞን ሆስፒታል በር ላይ አንድ ማስታወቂያ አነበብኩ። ቫይታሚን ኢ የሳንባን መቆጣት ይቀንስ እንደሆነ ለመፈተን ጤነኛ ሰዎች ይፈለጋሉ ይላል። ሳንባ የሚለውን ሳይ ትዕግስት ፊቴ ድቅን አለች። ለእኔ ከሠራ ለእሷ እልክላታለሁ ብዬ ገባሁ።

ወጣቱ ዶክተር ነገሩን አስረዳኝ። ለተወሰኑ ቀናት ጠዋት ጠዋት ካፕሱል እውጣለሁ፤ ከዚያ ሳንባን ለጥቂት ሰዓት የሚያስቆጣ ነገር ያስተነፍሱኝና አክታዬን ይመረምራሉ። ግማሹ ሰው ቫይታሚኑን ያገኛል፣ ግማሹ መልኩ ያው የሆነ ቫይታሚን የሌለበት ካፕሱል።

"የእኔ የትኛው ነው?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው የሚያውቀውን ሰው ይጥሩልኝ።"

"እኛ ዘንድ ማንም አያውቅም። እንዳናዳላ ነው።"

እኛ አገር የሰጠሁትን መድኃኒት አላውቀውም የሚል ሐኪም ጉድ ይፈላበታል፤ ይኼኛው ይኮራበታል። ባዶው ለእኔ ለጥቁሯ እንደሚደርሰኝ አልተጠራጠርኩም። ቢሆንም እሺ አልኩ።

ችግሩ የመጣው ስለ አወሳሰዱ ሲነግረኝ ነው። ቫይታሚኑ ቅባት ይፈልጋልና ከቁርስ ጋር፣ ቢቻል ከቅቤና ከእንቁላል ጋር ይወሰድ አለ። የካፕሱሉ ሽፋን ከምን እንደተሠራ ስጠይቀው ከከብት ነው አለኝ። ሁዳዴ ገብቷል፤ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። ሀዋሳ ወዳሉት ንስሐ አባቴ ደወልኩ።

"አባ፣ በጾሙ ጠዋት ጠዋት መድኃኒት እንድወስድ ይፍቀዱልኝ።"

"እግዚአብሔር ይማርሽ ልጄ። ምንሽን አመመሽ?"

"ምንም አላመመኝም፣ ጤነኛ ነኝ።"

"ጤነኛ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል?"

"ጤነኛ ካልሆንኩ አይቀበሉኝም፣ አባ።"

"ካልታመምሽ ደግሞ እኔ አልፈቅድልሽም።"

ጉዴን እዩልኝ እንግዲህ! ለሐኪሙ ጤነኛ፣ ለቄሱ በሽተኛ መሆን ሊኖርብኝ ነው። ለእህቴ ብዬ ነው ስላቸው ድምፃቸው ለሰለሰ።

"የእሷን መድኃኒት አንቺ ብትውጪው ምን ይረባታል? ሐኪሙን ስለ እሷ ጠይቂው እንጂ።"

ሄጄ ጠየቅኩት። እሱ ስለ ጾሙ ሰምቶ ከፋሲካ በኋላ ልትገቢ ትችያለሽ አለኝ። ስለ ትዕግስት ስነግረው ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ይህ ጥናት የእሷን ጥያቄ አይመልስም። እናንተ ጤነኞች ናችሁ፣ የምትስቡትም አንድ ጊዜ ነው። እሷ በየቀኑ ነው የምትስበው። ቶሎ ሐኪም ይያት፣ ከብናኙም ትራቅ። ከዚህ የሚቀድም ክኒን የለም።"

እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ሳልጠራጠር ያመንኩት ሰው እሱ ብቻ ነው። ምነው ባላመንኩት! ካፕሱል ቢሆን በሰው እጅ እልክላት ነበር።

እሑድ ለትዕግስት በኢንተርኔት ደወልኩላትና ሐኪሙ ያለውን ነገርኳት።

"ሥራውን ልተው? እማዬስ ምን ትብላ? አንቺ ገና ተማሪ ነሽ።"

"እሺ ቢያንስ ታከሚ።"

"ድኛለሁ እኮ! አሁን ስስል ሰማሽኝ? በይ ዝም ብለሽ ትንፋሼን አዳምጪ።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ። አንድ ጊዜ ተነፈሰች፣ ደገመች። ከዚያ ምንም የለም። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ስልኩን ሳየው፣ ማይክሮፎኗን መዝጋቷን የሚያሳየው ምልክት በርቷል። ጠበቅኳት። ብዙ ጠበቅኳት።

ምልክቱ ጠፋ።

"ሰማሽ አይደል፣ እትዬ?" አለችኝ በሰለለ ድምፅ። "ምንም የለም።"