ሹፌር የሌላት ኮምፒውተር

«ሹፌሯ አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አሉኝ ጋሼ፣ ፊት ለፊቴ ቆመው። አልቀለዱም፤ የምራቸውን ነው።

ጋሼ አሠሪዬ ናቸው። ልደታ ማርያም አጠገብ ባለው የሠርግ ቪዲዮ ቤታቸው በሙከራ ነበር የምሠራው። መታወቂያ የምታክል፣ ሽፋን እንኳ የሌላት ኮምፒውተር ገዝተው መጡና መስኮቱ ላይ ካለው ቴሌቪዥን ጋር አገናኚልኝ አሉኝ። ለልደታ በዓል መንገደኛው ቆሞ ሠርግ እንዲያይባት ነው። ከሆነልኝ ቋሚ ያደርጉኛል፤ ካልሆነልኝ ምን እንደሚሆን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጫንኩባት። ፎቶ ታሳያለች። ቪዲዮ ሲሆን ግን ሙሽራዋ ከመኪና ልትወርድ እግሯን ታነሳና እግሯ አየር ላይ ይቀራል። ምስሉን የሚያስኬደው ቺፕ እዚያው ቦርዷ ላይ ተቀምጧል፤ ቺፑን የሚያዘው ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉት፣ የለም። አምራቹ የለቀቀው ለድሮው ሊኑክስ ነው፣ አዲሱ ላይ አይነሳም። የድሮውን መልሼ ስጭን ደግሞ ድምፁ ጠፋ። ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ስለዚህች ቦርድ ከተጻፈው ያላነበብኩት ጭቅጭቅ የለም። ሁሉም የእኔኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ የሚመልስ የለም። ዓይኔ ቀላ፣ ወገቤ ደነዘዘ፤ ቦርዷ እንደሆነች እንደ ካውያ ከመጋል በቀር ሥራ የላትም።

ጋሼ በየጠዋቱ ምን ላይ ደረሰ ሲሉኝ፣ ይገባቸው ብዬ ድራይቨር የሚለውን በአማርኛ መልሼ «ሹፌር የላትም» አልኳቸው። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ይህንኑ ያወሩ ጀመር። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ባየኝ ቁጥር መንጃ ፈቃድ አወጣሽ ወይ ይለኛል።

በበዓሉ ዋዜማ ነው እንግዲህ ጋሼ ያን የሹፌር ጥያቄ የጠየቁኝ። ሹፌር ያልኩት ሰው ሳይሆን ፕሮግራም እንደሆነ፣ እሱንም አምራቹ ካልሠራው እኔ ልሠራው እንደማልችል አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ቁጭ ብሎ መኪና የሚያማ ሹፌር ነው የሆንሽብኝ» አሉ።

ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር አሮጌውን የዲቪዲ ዴክ አወጡ፣ አቧራውን እፍ አሉበት፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰኩት። ሙሽራዋ ከመኪናው ወረደች፤ ቬሏን ሰብስባ ደረጃውን ወጣች። ውጭ ነጠላ የለበሱ ሴቶች መስኮቱ ጋ ቆሙ።

«አየሽ ልጄ፣ ይሄ ሹፌር አይጠይቅም።» ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። «አንቺም ሌላ ቦታ ሞክሪ።»

ቦርዷን ነቀልኳት። ገና ትኩስ ነበረች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት፣ ቦርሳዬን አነሳሁ፣ መስኮቱ ጋ በቆሙት ሴቶች መሃል አልፌ ወደ ታክሲው ሄድኩ።