የእሁዱ ቮልቴጅ
የመብራት ቴክኒሺያኑ አቤኔዘር እሁድ ጠዋት፣ ጋምቤላ ዳርቻ በሚገኝ ጤና ጣቢያ፣ ከክትባት ፍሪጁ አጠገብ ቮልቴጅ መለኪያውን ይዞ ቆሟል። ኃይል በረጅም ሽቦ ሲጓዝ ሙቀት እየሆነ ይባክናልና፣ የሰፈሩን ትራንስፎርመር በቅርቡ ከአስፋልቱ ዳር አንስቶ ብዙ ኃይል ወደሚበላው ወፍጮ ቤት አስጠግቶታል። የኃይል ፍጆታውን የለካው ግን በሥራ ቀን ነበር። ዛሬ ወፍጮው ዝግ ነው፤ ከጤና ጣቢያው ጎን ያለው ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያዎቹን ሲከፍት፣ ትራንስፎርመሩ አሁን ሩቅ ስለሆነ ቮልቴጁ ወረደ፤ ፍሪጁም አቃስቶ ቆመ።

«ኢንጂነር፣ እሁድን ረሳኸው?» አለችው ነርሷ ኛቶክ፣ ክትባቱን ወደ በረዶ ሳጥን እያሻገረች።

«በረዶው እስከ መቼ ይይዝልሻል?»

«ፓስተሩ ስብከቱን ካላራዘመ፣ ጉባኤው እስኪያልቅ።»

አቤኔዘር መለኪያውን ከሶኬቱ ነቀለ። የትራንስፎርመሩን አዲስ ቦታ ለማወቅ፣ ማጉያዎቹ ሳይዘጉ በየቤቱ ቆጣሪ ላይ ፍጆታውን መለካት ነበረበት። ጉባኤው እንዲያልቅም እንዳያልቅም እየተመኘ ወጣ።