ማክሰኞ የሚደርሰው ኮት

ሰፈሩ «ሜትር» የሚላቸው ልብስ ሰፊ ዕድሜ ልካቸውን አንድ ውሸት ብቻ ነው የዋሹት፦ «ማክሰኞ ይደርሳል።» የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ ግን ተናግረው አያውቁም። አንዱ ሙሽራማ በውሰት ሱሪ አግብቶ፣ የራሱን የወሰደው ልጁ ዳዴ ሲል ነው ይባላል።

አሁንም ሜትሩ ከአንገታቸው አይወርድም፤ ቁጥሩ ግን ከጭንቅላታቸው ወርዷል። የመርሳት በሽታ ከያዛቸው ሦስት ዓመታቸው ነው። የምታስታምማቸው ሴት ልጃቸው ናት። ዛሬ ነርሷ ቅጽ ይዛ መጣች። ቅጹ ላይ «አይችሉም» የሚለው ከበዛ ወደ አረጋውያን መጦሪያ መሄዳቸው ነው። ልጅቱ ደግሞ «እኔ በቁሜ እያለሁ አባቴ ሰው እጅ አይወድቅም» ብላ ምላለች። ስለዚህ መልስ እንደሰረቀ ተማሪ ተዘጋጅታ ጠበቀች።

«ራሳቸው ይበላሉ?»

«ኧረ ከኔ ይሻላል!»

«መንገድ ይጠፋባቸዋል?»

«የት ሄዶ ይጠፋል?» እውነቷን ነው፤ በሩን የምትቆልፈው እሷው ናት።

«ልብሳቸውንስ?»

«ልብስ ሰፊ እኮ ነው፣ እኅቴ! አገሩን ያለበሰ ሰው ራሱን ማልበስ ያቅተዋል?»

ይህን እንኳ ውሸት ነው ብላ አላሰበችም። ጠዋት ጠዋት ልብሱን በተራ አልጋው ላይ ደርድራ፣ እጅጌውን ይዛ «በዚህ በኩል፣ አባዬ» ማለቷን ከእርዳታ ቆጥራው አታውቅም።

ነርሷ ግን የዋዛ አይደለችም። ወንበሩ ላይ የተሰቀለውን ኮታቸውን አንስታ «አባባ፣ እስቲ ይልበሱት» አለቻቸው።

ኮቱን ሲነኩ ዓይናቸው በራ። ገበሩን ገለበጡ፣ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ተከተሉ፣ የላላች ቁልፍም አገኙ። ልጅቱ በልቧ «በርታ፣ አባዬ!» አለች። እሳቸው ግን ኮቱን አራግፈው፣ እጥፍ አድርገው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ልበሰው እንጂ፣ አባዬ።»

«የሰው ልብስ እንዴት እለብሳለሁ? ደንበኛ ምን ይለኛል?»

«የማን ነው?»

«የአንድ ሽማግሌ። ምስኪን፣ ትከሻው ወርዷል። ማጥበብ አለብኝ።»

የልጅቱ እጅ ሳታዘው ወደ እጅጌው ተነሣ። ነርሷ አየቻት። እጇ አየር ላይ ቀረ፤ እስክሪብቶው ቅጹ ላይ ሲጭር ተሰማ። ብትቆጣ ማንን ትቆጣ? ብታለቅስ አባቷ «ምነው፣ ልብሱ ጠበበሽ እንዴ?» ይሏታል።

አባት ቀና ብለው እንደ አዲስ ደንበኛ አዩዋት።

«እመቤቴ፣ ሽማግሌውን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያው ንገሪልኝ፤ ማክሰኞ ይደርሳል።»

«እሺ» አለች፤ እንደ ደንበኞቻቸው ሁሉ፣ እንደማይደርስ እያወቀች።