በባዶ እግሬ ስሮጥ ያዩኝ ጠዋት

ሰው በነጻ ሲመክረኝ መጀመሪያ የማስበው ምን ፈልጎ ነው ብዬ ነው። የጤና ጣቢያው ሐኪም ጉልበቴን ጫን ጫን እያደረገ «ክብደት ቀንሺ፤ በየቀኑ ተንቀሳቀሺ» ሲለኝም አላመንኩትም። ሰውዬው ቀጭን ነው፤ ወንበር ሲንቋቋበት ሰምቶ አያውቅም። እኔ እዚህ ሱዳን ጠረፍ ላይ ቀኑን ሙሉ ለሰሊጥ አጫጆች ድስት ስጥድና ሳወርድ የምውል ሴት ነኝ። ከዚህ በላይ ምን ልንቀሳቀስ?

ጉልበቴ ግን እምቢ አለ። ስለዚህ ማልጄ ከመንደራችን ጀርባ ወዳለው ኾር መውረድ ጀመርኩ። ኾር የሚሉት ክረምት ሰው የሚወስድ፣ ዝናቡ ሲያቆም አሸዋው ብቻ የሚቀር ወንዝ ነው። የመረጥኩት ጥልቅ ስለሆነ ከላይ ማንም አያየኝም ብዬ ነው። ወደ ገላባት በሚወስደው አውራ መንገድ ዳር ብሄድማ የሎሪ ሾፌር ሁሉ ጡሩምባ እየነፋ ይስቅብኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ሰፊንጃዬ፣ ያ የላስቲክ ነጠላ ጫማ፣ ድንገት ተበጠሰ። ነጋዴው የተጠገነ እንደሸጠልኝ እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ። ሁለቱንም አውልቄ በእጄ ያዝኩ። አሸዋው ከላይ ቀዝቀዝ፣ ከሥር ጠንከር ያለ ነበር። ቦታው ትንሽ ቁልቁለት አለውና እርምጃዬ ፈጠነ፤ ላቆም ስል ሌላው እርምጃ ቀደመኝ፤ ከዚያ ሮጥኩ። ሆዴም፣ ጡቴም፣ ዳሌዬም በየፊናቸው ተነሱ። በጫማ ስሄድ ተረከዜ ላይ እንደ ጆንያ የሚወድቀው ክብደቴ አሁን በጣቶቼ በኩል ቀስ ብሎ ያርፋል። ሳቄ መጣ። ልጅ ከነበርኩበት ጊዜ ወዲህ በዚህ ሰውነቴ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ደስታውን ግን አላመንኩትም። ነገ ጉልበቴ ጉድ ያፈላብኛል ብዬ ተኛሁ። ሲነጋ ነካካሁት፤ ዝም ብሏል። ዝምታውም አጠራጠረኝ። ለማጣራት ብዬ እንደገና ወረድኩ፤ እንዲህ እያጣራሁ ሰነበትኩ። ትንሽ እሮጣለሁ፣ ሲደክመኝ እራመዳለሁ፤ እሾህና የጠርሙስ ስባሪ ፈርቼ መሬቱን እንደ ኬላ ፈታሽ አያለሁ።

ለማንም አልተናገርኩም። የጎረቤቴ ዓይን ግን ከእኔ አልተነቀለም። ከትግራይ ጦርነት ሸሽታ፣ በሐምዳይት ኬላ በኩል ልጇን አዝላ የገባች ስደተኛ ናት፤ ግቢያችን አንድ ነው። አንድ ቀን የቀሚሴ ጠርዝ ላይ ያለውን አሸዋ አይታ፣

«በጠዋት በጠዋቱ የት ነው የምትሄጂው፣ ሓፍተይ?» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው።

«እንጨት ለቀማ ነዋ፣ ሌላ ምን ይሆናል!»

«እንጨቱስ?»

የቀሚሴን ጠርዝ አራግፌ ወደ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ስታንሾካሹክ ባየኋት ቁጥር ውፍረቴን የምታማ መሰለኝ። ተቀየምኳት፤ ሰላምታዬንም አሳጠርኩ።

አንድ ጠዋት ሩጫው ከወትሮው ተመቸኝ። ደስታው ልብ ሰጠኝና ከኾሩ ወጥቼ፣ የምከናነበውን ቶብ ወገቤ ላይ አስሬ፣ በማሳው ጠርዝ ወደ መንደሩ ሮጥኩ። ሴቶቹ ውሃ ሊቀዱ ቦኖው ዘንድ ተሰልፈዋል። አዩኝ። ይኸው ሳቁ መጣ ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

ማንም አልሳቀም። አንዷ ባልዲዋን ጣለች። ከዚያ ሁሉም የልጆቻቸውን ስም እየጠሩ ወደየቤታቸው ሮጡ። ከኋላዬ ምን መጣ ብዬ ደንግጬ ዞርኩ፤ ሰሊጥ ብቻ ነው። እነሱ ሲሮጡ ግን እኔም ባሰብኝ፤ በፍርሃት እየተንደረደርኩ ግቢያችን ደረስኩ።

ጎረቤቴ በሩ ላይ ናት። ልጇን አዝላለች፤ የማዘያውን ጫፍ ትቋጥራለች፣ መልሶ ይፈታባታል።

«በየት በኩል መጡ?» አለችኝ።

«እነማን?»

«አንቺ ምን አይተሽ ነው የሮጥሽው?»

«ኧረ ምንም። እንዲያው... ደስ ስለሚለኝ ነው።»

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። «በየጠዋቱ የምትጠፊው መውጫ መንገድ ስታጠኚ መስሎን ነበር። ሳትነግሪን ልትሄጂ። አንቺን የምታህል ሴት ስትሮጥ ሳይ፣ ታጣቂዎች ደረሱብን፣ አለቀልን አልኩ።»

አፈርኩ። ተናደድኩም፤ ስንት ዘመን ጠብቄ ያገኘሁት ደስታ ለእሷ ሽብር በመሆኑ ተናደድኩ። «በቃ፣ ካሁን ወዲያ አልሮጥም» አልኳት፤ ስናገረው እንባዬ መጣ።

«ሩጪ» አለች፣ ማዘያውን እየፈታች። «ግን እየጮህሽ ሩጪ። ሰላም ነው በዪን።»

አሁን በየጠዋቱ «ሰላም ነው! ሰላም ነው!» እያልኩ በባዶ እግሬ እሮጣለሁ። ጩኸቱ ትንፋሼን ይጨርሰዋል። ቦኖው ዘንድ ያሉት ሴቶች ቃሌን አምነው ውሃቸውን ይቀዳሉ። ስለሚያምኑኝ ሳላጣራ አልጮህም፤ መጀመሪያ አፋፉ ላይ ወጥቼ ማሳውንና መንገዱን አያለሁ። አንዳንድ ቀን ምን እንደሆነ የማላውቀው አቧራ ከሩቅ ይነሳል። ያን ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ቆሜ እጠብቃለሁ።