አያቴ ደግፈው ያስጮኹት የነበረው ዶሮ

እናቴ ለፋሲካ የገዛችው አውራ ዶሮ በሲባጎ ተጠፍሮ፣ ከላምበረት በተሳፈረችበት ሚኒባስ ወንበር ስር ሲረገጥ መጥቶ ሁለቱም እግሮቹ ተሰብረው ነበር። አያቴ ስንጥር ፈልገው፣ ከጋቢያቸው ጫፍ ቀደው ሊያስሩለት ተቀመጡ።

"አባባ፣ ተዉት እንጂ! ነገ ለሚታረድ?" አለቻቸው።

"እግሩን መስበራችን አነሰና አንገቱን?" ብለው ተቆጧት። በዚያ ዓመት ያለ ዶሮ ወጥ ፈሰክን።

እግሮቹ ግን አልጸኑም። ተኝቶ ደግሞ መጮህ አልሆነለትም። ስለዚህ አያቴ ማለዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ከመውጣታቸው በፊት ደረቱን በሁለት እጃቸው ደግፈው ደጃፉ ላይ ያቆሙታል። ሲጮህ "ሰማንህ፣ የኔ ጌታ!" ይሉታል። ስስቅባቸው "መልስ ሲያጣ ማንም ያልሰማው ይመስለዋል" ይሉኝ ነበር።

ካረፉ ጀምሮ ዶሮው ዝም አለ። የለቅሶው ድንኳን በፈረሰ ማግስት፣ ማለዳ ተነስቼ እንደ እሳቸው ደግፌ አቆምኩት። ጮኸ። ከዚያ አንገቱን ወደ መኝታ ክፍላቸው አዙሮ ጠበቀ። "ሰማንህ" ልለው ፈለግሁ፤ ግን እኔም ወደዚያው ዞርኩ።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጮኸ።